የልጅ መንጃ ፈቃድና የወላጅ ፊርማ

ከአገር ርቀው በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብላቸው ብዙ ጊዜ ልጃቸው ነው። አባትና እናት እንግሊዝኛውን ለሥራና ለገበያ ያህል ቢያውቁትም፥ ሕግ ዐዋቂ የጻፈውን ረጅም ዐረፍተ ነገር መከተል ይከብዳቸዋል፤ ልጁ ግን በዚያው አገር ትምህርት ቤት ያደገ ስለ ሆነ ቶሎ አንብቦ «ይህ ይከፈል፤ ይህ ይጣል» ይላቸዋል። ልማዱ በብዙ ነገር የሚጠቅም ነው። አንድ ቀን ግን የሚመጣው ደብዳቤ ስለ ራሱ ስለ ልጁ ጥፋት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተከሳሹና አስተርጓሚው አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ መንጃ ፈቃዱ ስለ ምን እንደሚታገድ፥ ከታገደም በኋላ በምን መንገድ እንደሚመለስ ነው። አሜሪካ የብዙ ግዛቶች አገር እንደ መሆኗ መጠን ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ብንዘረዝር አንባቢውን ማድከም ይሆንብናል። ስለዚህ ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው አንዷ የሆነችውን ቨርጂኒያን መርጠናል። በሜሪላንድ፥ በዋሽንግተን ዲሲ፥ በሚኒሶታ ወይም በሌላ ስፍራ ያለ ቤተሰብ የሕጉ አሳብ ተመሳሳይ፥ ቍጥሩ ግን የተለየ መሆኑን ዐውቆ የራሱን ግዛት ደንብ ይመልከት። ዓመተ ምሕረቱንም የጻፍነው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በአገራችን የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ከአገር የወጡት ወላጆች አብዛኛዎቹ መሪ የጨበጡት ከጎለመሱ በኋላ ነው፤ ከእነርሱም መካከል በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብዙዎች ናቸው። ስለ መንዳት ያውቃሉ፤ ልጅ ሆኖ ስለ መንዳት ግን የሚያውቁት የለም። የ16 ዓመት ልጅ ቍልፍ ሲጠይቅ አባቱ የሚመልስለት ከአባቱ የሰማው ምክር የለውም። አንዳንዱ «ገና ልጅ ነህ» ብሎ ፈጽሞ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «የአገሩ ሕግ ከፈቀደለት እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ፈጽሞ ይለቃል። ሕጉ ግን ከሁለቱም አይደለም። ሕጉ የሚለው ለልጁ ጥቂት በጥቂቱ ስጠው፥ በየደረጃው አብረኸው ቁም ነው።

ይህ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ፈቃድ የቈየ ነገር አይደለም። በመላ አገር ደረጃ መጀመሪያ የሠራችበት ኒውዚላንድ ስትሆን ዘመኑም 1987 ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ፍሎሪዳ በ1996 ቀደመች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ዛሬ በዓይነቱ ይለያይ እንጂ ይህን ሥርዓት ያልያዘ ግዛት የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፥ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ነጂዎች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚደርስባቸው 20 ዓመት ከሞላቸው ነጂዎች ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ይህ የልጆቹ ክፋት አይደለም። ከፊት ያለው መኪና ፍሬን ሳይዝ በፊት እንደሚይዝ የሚያውቅ ዐይን በትምህርት ቤት ደብተር አይገኝም፤ በሰዓታት ብዛት የሚገኝ ነው። በሌሊት ሲሆን አደጋው ይጨምራል፤ እኩዮቹ በኋላ ወንበር ተደርድረው ሲሣሣቁ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል። እንግዲህ ሕጉ ያደረገው ሌሊቱንና እኩዮቹን ለጊዜው ከልጁ መለየት ነው።

አሁን ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ። ልጁ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ፐርሚት የሚባለውን የመለማመጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ፈቃድ ቢያንስ 9 ወር መያዝ አለበት፤ መንጃ ፈቃዱንም 16 ዓመት ከ3 ወር ሳይሆነው አያገኝም። በእነዚህ ወራት ውስጥ 45 ሰዓት መንዳት ይጠበቅበታል፤ ከዚህም ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። እነዚህ ሰዓታት በእውነት መነዳታቸውን በፊርማው የሚያረጋግጠው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው።

በዚህ ፊርማ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። አባት ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ እናት በሆስፒታል ወይም በሆቴል ተረኛ ናት፤ እሑድ ቅዳሴ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ለቅሶ ወይም ክርስትና አለ። 45 ሰዓት ከየት ይምጣ? ስለዚህ ልጁ ወረቀቱን በአንድ ምሽት ሞልቶ ያቀርባል፤ ወላጅም ይፈርማል። እንዲህ ያለውን ፊርማ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ሲናገሩት እንሰማለን። ቀላል ግን አይደለም። 45 ሰዓት በ9 ወር ሲካፈል በሳምንት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የማታው 15 ሰዓትም በወር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚኬድበት መንገድ፥ ወደ ገበያ የሚኬድበት መንገድ፥ ታናሽ እኅትን ከትምህርት ቤት ማምጣት፥ ይህ ሁሉ ልጁ በመሪው ላይ፥ ወላጅ በአጠገቡ ሆነው ሊፈጸም የሚችል ነው። ያልተነዳው ሰዓት በወረቀት ላይ ስለ ተሞላ ከልጁ እጅ የሚጎድለውን አይሞላለትም፤ ጉድለቱ የሚታየው ዝናብ በጣለበት ምሽት በመንገድ ላይ ነው። ልጁም ወላጁ ሐሰት ሲፈርም አይቷል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እርሱ ስለ ሄደበት ስፍራ እውነቱን ይነግረናል ብለን መጠበቃችን ያስቸግራል።

የቨርጂኒያ ሕግ ወላጅን ከዚህ ሥራ ውጭ እንዲሆን አልተወውም። ወገኖቻችን በሚበዙበት በሰሜን ቨርጂኒያ የመንዳት ትምህርቱ ወላጅና ልጅ አብረው የሚከታተሉት ቢያንስ የ90 ደቂቃ ክፍል አለው። ፈቃዱም ሲወጣ ለልጁ በፖስታ እንደ ዕቃ አይላክለትም፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ ወጣቶችና ቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይልከዋል፤ ዳኛውም በበቂ ምክንያት ካልተወው በቀር ሥነ ሥርዓት አድርጎ፥ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በተገኘበት፥ መንዳት ምን ያህል ኀላፊነት እንዳለበት አስረድቶ ይሰጠዋል። ለዚህ ቀን ከሥራ አስፈቅዶ መገኘት የሚገባ ነው። አንዳንድ ወላጆች ወንድማቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ለመላክ ያስባሉ። ምረቃ ቢሆን ኖሮ የሚቀር ማን ነበር?

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሦስት ነገሮች ይከለከሉበታል።

የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፥ በእነርሱ አቈጣጠር እስከ 4 ሰዓት፥ መንዳት አይፈቀድለትም። ከዚህ የሚወጡ ጉዳዮች አሉ፤ እነርሱም ወደ ሥራ መሄድና ከሥራ መመለስ፥ ድንገተኛ አደጋ፥ ወላጅ በአጠገቡ ተቀምጦ ሲነዳ፥ እንዲሁም ትምህርት ቤት ወይም የሃይማኖት ድርጅት ባዘጋጀውና ዐዋቂ ሰው በሚቈጣጠረው ጉባኤ ሄዶ ሲመለስ ነው። ይህን የመጨረሻውን የሚያነብ ሰው ለትንሣኤ ሌሊት የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም ለቅዳሴ ሄዶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ በዚህ ይጠበቃል። ከቅዳሴ በኋላ ለመገደፍ ወደ ጓደኛው ቤት ጎራ ቢል ግን የሃይማኖት ድርጅቱ ጉዞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዳበቃ ይቈጠርበታል። ደግሞም 55 ቀን ጾሞ፥ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ልጅ ዐይኑ በመንገድ ላይ ሊከደን ይችላል፤ የሕግ ፈቃድ እንቅልፍን አያባርርም። በዚያች ሌሊት መሪውን ዐዋቂ ቢይዘው እንመርጣለን።

ሁለተኛው ተሳፋሪ ነው። ፈቃዱን ካገኘ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ 21 ዓመት ያልሞላው ተሳፋሪ ከአንድ በላይ ሊጭን አይችልም። የራሱ ቤተሰቦች በዚህ አይቈጠሩም። በእኛ ልማድ የጎረቤት ልጅ ወንድም ነው፤ የክርስትና ልጅም ከአብራክ ልጅ አይለይም፤ በቨርጂኒያ ሕግ ግን ቤተሰብ የሚባሉት እነማን እንደ ሆኑ ተዘርዝረው ተጽፈዋል፤ ፖሊሱም «የአገሬ ልጆች ናቸው» ቢሉት አይቀበልም። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ከልምምድ ሲወጡ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ አራት አምስት ሆነው በአንድ የ17 ዓመት ልጅ መኪና ሲጋፉ ማየት ለብዙዎቻችን ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያ የደስታ ጉዞ ግን የሕግ ጥሰት አለ፤ ልጆቹን የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ስለማያውቅ በር ከፍቶ «ተጠጋጉ» የሚላቸው ራሱ ነው።

ሦስተኛው ስልክ ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ነጂ በሚነዳበት ጊዜ ስልክ በእጁ ቢይዝም ባይዝም፥ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ ወይም መኪናውን በሕጋዊ ስፍራ ካላቆመ በቀር፥ ሊነጋገርበት አይችልም። «በድምፅ ማጉያ ነው፤ በእጄ አልነካሁትም» የሚለው መልስ ለአባቱ ይሠራ ይሆናል፤ ለእርሱ አይሠራም። እናቶች ሆይ፥ «የት ደረስህ?» ብላችሁ በየዐሥር ደቂቃው የምትደውሉት ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ልጁ ጥሪያችሁን ሲመልስ ሕግ መጣሱን ዕወቁ። ሲደርስ ራሱ ይደውል።

የሌሊቱንና የተሳፋሪውን ክልከላ ሁለተኛ ጊዜ የጣሰ ልጅ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን እስከ 6 ወር ድረስ ሊያግድበት ይችላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው መሰላል ደርሰናል። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የፈጸመው የጥፋት ነጥብ የሚያስይዝ የትራፊክ ጥፋት፥ ወይም ቀበቶ ያለማሰር ጥፋት፥ በፍርድ ቤት ሲረጋገጥበት በመጀመሪያው ጊዜ ስምንት ሰዓት የሚፈጅ የነጂዎች ማሻሻያ ትምህርት በ90 ቀን ውስጥ እንዲፈጽም ይታዘዛል። ካልፈጸመ ፈቃዱ ይታገዳል፤ እስኪፈጽምም ድረስ እንደ ታገደ ይቈያል። ሁለተኛ ጊዜ ሲረጋገጥበት ፈቃዱ 90 ቀን ይታገዳል። ሦስተኛ ሲሆን ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ወይም 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፥ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል፥ ይሰረዛል።

«ከሁለቱ የሚረዝመውን» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ሦስተኛው ጥፋት 16 ዓመት ከ4 ወር በሆነው ልጅ ላይ ቢጸና፥ 18 እስኪሞላው ያለው ጊዜ 20 ወር ነውና 20 ወር ያለ ፈቃድ ይቈያል። 17 ዓመት ከ8 ወር በሆነው ላይ ቢጸና ደግሞ አራት ወር ጠብቄ አመልጣለሁ አይልም፤ አንድ ዓመቱን ይፈጽማል። በዚሁም ላይ መታገድና መሰረዝ አንድ አይደሉም። ታገደ ማለት ፈቃዱ ሳለ ሥራው ለጊዜው ቆመ ማለት ነው፤ ተሰረዘ ማለት ግን ፈቃዱ ሞተ ማለት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደ አዲስ ጀማሪ አመልክቶ የዐይን ምርመራውን፥ የጽሑፉንና የመንገዱን ፈተና እንደ ገና መውሰድ ያስፈልገዋል።

የዚህ መሰላል ዋና ምሥጢር ሁለት እጆች የሚሠሩበት መሆኑ ነው። አንደኛው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ጥፋቱን መርምሮ ገንዘብ ይቀጣል። ሁለተኛው ዲኤምቪ የሚባለው የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ነው፤ ፍርዱ ሲደርሰው በሕግ የተጻፈውን እርምጃ ይወስዳል። ዳኛው ርኅሩኅ ሆኖ ቅጣቱን ቢያቀልም፥ ጥፋቱ እስከ ጸና ድረስ መሥሪያ ቤቱ የ90 ቀኑን እገዳ አያቀልም። አባት ግን ከፍርድ ቤት ሲወጣ «ተመስገን፥ በጥቂት ገንዘብ አለቀልን» ይላል። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣውን የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ የሚያነበው ማን ነው? እርሱው ልጁ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መክፈል ነው። የትራፊክ ቲኬት ያለ ክርክር መክፈል ጥፋቱን እንደ ማመን የሚቈጠር ስለ ሆነ ውጤቱ ከፍርድ አይለይም። ሥራ የሚበዛበት ሰው አንድ ቀን ደመወዝ ከሚቀርበት ቲኬቱን መክፈል ይቀለዋል፤ ለራሱ ሲሆን ይህ ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል። በልጁ ቲኬት ላይ ግን የከፈለው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ከሦስቱ የመሰላል ደረጃ አንዱን ነው። ደግሞም ብዙ ልጆች ቲኬቱን ለወላጅ ሳያሳዩ ከእጅ ሥራ ባገኙት ገንዘብ ሊከፍሉት ያስባሉ፤ ኀፍረትም ፍርሃትም አለበት። ልጅ ቲኬት ይዞ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ስድብ የሆነበት ቤት ሁለተኛውን ቲኬት አያይም፤ ሦስተኛውን ያያል።

ስለዚህ ከፍርድ ቤትም ሆነ ከዲኤምቪ የመጣ ደብዳቤ ስለ ልጁ ከሆነ ልጁ ያንብበው፤ ነገር ግን ከልጁ በቀር ሌላ አንድ ሰው፥ ከዘመድ ወይም ከማኅበረ ምእመናኑ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው፥ ዳግመኛ ያንብበው። ልጁን ለማዋረድ አይደለም። ሰው በራሱ ነገር ላይ አስተርጓሚ ቢሆን ማለሳለሱ ያለ ነው፤ ትልልቆቹም ይህን እናደርጋለን። ፍርድ ቤት በሚኬድበትም ቀን አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጁ ለዳኛው የእናቱን ቃል፥ ለእናቱ የዳኛውን ቃል እያቀበለ መቆሙ ለማንም አይበጅም። በሌላ ወገን ደግሞ ቤት የቀየረ ሰው አዲሱን አድራሻ በ30 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ማስታወቅ አለበት። ኪራይ በተወደደ ቍጥር ከአንዱ አፓርታማ ወደ ሌላው የሚዛወረው ቤተሰባችን ይህን ይረሳል፤ ደብዳቤው በአሮጌው በር ሥር ተቀምጦ ሳለ ልጁ በታገደ ፈቃድ ይነዳል።

መንጃ ፈቃድን ማገድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የተናገረበት አንድ የታወቀ ነገር አለ። በ1968 በጆርጂያ ግዛት ሦስት የገጠር አጥቢያዎችን በመኪና እየተዘዋወረ የሚያገለግል ቤል የተባለ የሃይማኖት አገልጋይ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስት ዓመት የሆናት ሕፃን በብስክሌት መጥታ ከመኪናው ጎን ጋር ተጋጨች። ቤል ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ የግዛቲቱም ሕግ እንዲህ ያለው ሰው ለተጠየቀበት ካሳ ዋስትና ካላስያዘ ፈቃዱ ይታገድ የሚል ነበር፤ የተጠየቀበትም 5,000 ዶላር ነው። እርሱ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ይጣራልኝ» ቢልም ጥፋተኛነት በዚያ ደረጃ የሚጠየቅ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ነገሩ ሲወርድ ሲዋረድ ዋሽንግተን ደረሰ፤ በ1971 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ የሰው እንጀራ ሊሆን ስለሚችል ሳይሰሙ መውሰድ አይገባም ብሎ ፈረደለት። ቤል ጎልማሳ ነበር እንጂ ልጅ አልነበረም፤ ፍርዱ ያስገኘው የመሰማት መብት ግን ለሁሉ ነው። ይህን መብት ሳይሰሙት በፖስታ ከፍሎ የሚተወው ሰው ብዛት ያስገርመናል።

ሕጉም በጊዜው ራሱን ያርማል። በቨርጂኒያ የፍርድ ቤት ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው በዚሁ ምክንያት ብቻ ፈቃዱ ይታገድበት ነበር፤ ይህ በ2020 ቀርቷል። ድኻ መሆን አደገኛ ነጂ መሆን አይደለምና መቅረቱ መልካም ነው።

ስለ መጠጥ ጥቂት እንበል፤ ነገሩ ረጅም ክርክር የለውም። 21 ዓመት ያልሞላው ነጂ በደሙ ውስጥ የአልኮል መጠን 0.02 ከመቶ ከደረሰ በቨርጂኒያ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል፤ በተጨማሪም ቢያንስ 500 ዶላር ይቀጣል ወይም 50 ሰዓት የኅብረተሰብ አገልግሎት ይሠራል። ለትልቁ ሰው የተወሰነው 0.08 ስለ ሆነ ልዩነቱ ታላቅ ነው። በሠርግና በዝክር ቤት «አንዲት ብርሌ ምን ትለዋለች፤ ቅመስ እንጂ» የሚሉ ሽማግሌዎች ያቺ ብርሌ ለዚያ መጠን ልትበቃ እንደምትችል አያውቁም። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው፤ ከተወሰነው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፥ ወይም በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በቨርጂኒያ ጥፋቱ ተራ የትራፊክ ቲኬት መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል።

አሁን ፈቃዱ ታግዷል እንበል። በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጭንቅ የልጁ አይደለም። ታናናሾቹን ወደ ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረ እርሱ ነው፤ እናቱን ከሌሊት ሥራ ያመጣ የነበረ እርሱ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰቡ የሚፈተንበት ነገር ይመጣል፤ «ለዛሬ ብቻ፥ በጓሮ መንገድ አድርሳቸው» የሚል ቃል ከወላጅ አፍ ሊወጣ ይችላል። በታገደ ፈቃድ መንዳት በቨርጂኒያ ወንጀል ነው፤ ለጎልማሳ ሰው ከፍተኛው ቅጣት እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ይደርሳል። ወላጅ በአጠገቡ ቢቀመጥም አይረዳውም፤ በመለማመጃ ፈቃድ ጊዜ የነበረው ልማድ በእገዳ ጊዜ አይሠራም።

በሁለተኛው ጥፋት 90 ቀን የታገደ ልጅ ግን አንድ መንገድ አለው። ሌላ የሚጓዝበት ነገር ከሌለው፥ ከቤቱ ወደ ሥራውና ወደ ኮሌጁ ብቻ የሚነዳበት የተወሰነ ፈቃድ እንዲሰጠው በሚኖርበት አገር ላለው የወጣቶችና ቤተሰብ ፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል፤ መስጠትና መከልከል የዳኛው ፈንታ ነው። ታናናሾችን ማድረስ፥ ገበያ መሄድ፥ ለመዝሙር ልምምድ መሄድ በዚህ ፈቃድ ውስጥ የሉም። ሦስት ወር ልጆቹን የሚያደርስ ሰው ከጎረቤት መለመን ይሻላል፤ ወገን የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነው።

ዘጠናው ቀን ሲያልፍም ፈቃዱ በራሱ አይመለስም። ብዙ ወጣቶች በካላንደር ላይ ቀኑን እየቈጠሩ ቈይተው በዘጠና አንደኛው ቀን ይነሡና ይነዳሉ፤ ዕዳው እንደ ገና የሚጀምረው በዚያች ቀን ነው። አስቀድሞ ለዲኤምቪ መቅረብ፥ የታዘዘው ትምህርት ካለ መፈጸሙን ማረጋገጥ፥ የማስመለሻውን ክፍያ መክፈል፥ ሌላ የቀረ እገዳ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። የ90 ቀኑ እገዳ ከሌላ እገዳ ጋር አብሮ አይቈጠርም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሁሉ መፈጸሙን ዲኤምቪ ካረጋገጠለት በኋላ ብቻ ቍልፉ ይሰጠው።

ለወላጅ የተተወለት አንድ ሥልጣን ደግሞ አለ፤ ይህንንም ጥቂቶች ብቻ ያውቁታል። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፥ በፊርማው የፈቀደው ወላጅ ፈቃዱን ሊያሰርዝበት ይችላል። ጥፋት እስኪፈረድበት መጠበቅ አያስፈልገውም። በእኛ አስተያየት ይህ ሥልጣን ለቍጣ ቀን የተሰጠ አይደለም። የጽሑፍ ውጤቱ ዝቅ ስላለ ወይም ፀጕሩን ስላሳደገ ፈቃዱን የሚያሰርዝበት አባት ሥልጣኑን አባክኗል። ሲነዳ አይቶ የፈራለት ግን፥ ሁለተኛውን ቲኬት ሳይጠብቅ ለጥቂት ወራት ቍልፉን ቢይዝበት፥ ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ በአጠገቡ ተቀምጦ እንደ ፐርሚቱ ዘመን ቢያስነዳው፥ ፍርድ ቤት ሳይገባ ነገሩ ሊቃና ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

18 ዓመት በሞላው ዕለት የወላጅ ፊርማ ሥራው ያበቃል። ከዚያ ቀን በፊት የተፈጸመ ጥፋት ግን ፍርዱ ከልደቱ በኋላ ቢሰጥም በልጅነት ደንብ ይቈጠርበታል።